ከሹራቡ በፊት ወረቀቱን ይመልከቱልን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ ሁላችንም ደኅና ነን። የክረምቱ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይጎዳው ዘወትር ስለማስብ፣ ለእንቁጣጣሽ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ወዳጃችን እጅ ወፍራም ሹራብ ልኬልዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ስለ ሹራቡ ሳይሆን ስለ ተጠቀለለበት ወረቀት ነው። ሹራቡን እኔ ከሱቅ ገዛሁት፤ ወረቀቱን የሠራችው ግን አራት ዓመት ተኩል የሆናት የልጅ ልጅዎ ናት።

በአገር ቤት በሰፈራችን ልጆች መስከረም 1 ቀን የአበባ ሥዕል ይዘው በየደጁ እየዞሩ «እንኳን አደረሳችሁ» እንደሚሉ ስነግራት፣ «እኔም ለአያቴ አበባ እሠራለሁ» አለችኝ። ከሱቅ የሚገዛው የሚያብለጨልጭ መጠቅለያ ላዩ በፕላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ የውኃ ቀለም አይዝለትም፤ ስለዚህ የአስቤዛ ቡናማ ከረጢት ቀድጄ ዘረጋሁላት። አደይ አበባን አይታ ስለማታውቅ፣ በዚህ ወቅት በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ባለው ረግረግ የሚያብበውን፣ የአደይ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ቢጫ አበባ አስቀድሜ ወስጄ አሳይቻት ነበር። ቅርጹን በዓይኗ ይዛ ተመለሰች።

አበባውን እንደ ማኅተም እንድታትምበት፣ አንድ ድንች ለሁለት ከፍዬ በአንደኛው ገጽ ላይ የአበባውን ቅርጽ በቢላ አወጣሁላት። ቀለሙን ከእርድ አዘጋጀን፤ በውኃ ብቻ ሲበጠበጥ ወረቀቱ ላይ እየፈሰሰ ስላስቸገረን፣ ትንሽ ዱቄት ጨምረን እንደ ሙቅ እስኪወፍር ድረስ እሳት ላይ አማሰልነው። ድንቹም ውኃ ስለሚያወጣ በጨርቅ ካልደረቀ ቀለሙ ያንሸራትታል፤ ይህን የተረዳነው ሁለት ወረቀት ካበላሸን በኋላ ነው። ቢጫው በቡናማው ከረጢት ላይ ደብዝዞ ሲቀር ልጄ አለቀሰች። እኔም ከዕቃ ጋር ታጭቆ መጥቶ ያስቀመጥሁትን ነጭ ወረቀት አውጥቼ፣ ጭምድዱን ለብ ባለ ካውያ አስተካክዬ ሰጠኋት፤ በእርሱ ላይ አደዩ ወለል ብሎ ታየ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቃት ግን የአበባው መካከል ነው። እርድ ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ወደ ቀይ ያደላል፤ እርሷም በሶዳ ውኃ የነከረችውን ጣቷን በየአበባው መሐል ስታስነካ ቢጫው ዓይኗ እያየ ቀላ። «አያቴ ይህን ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ደውለን እንጠይቀዋለን» አልኋት።

ወረቀቱ ሲደርቅ አጣጠፉን ያስተማርኋት እርስዎ ባስተማሩኝ መንገድ ነው፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ደብተሮቻችንን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ሲሸፍኑልን፣ ጠርዙን በጥፍርዎ ጀርባ ደጋግመው እየተጫኑ፣ ማዕዘኑን ወደ ውስጥ እያጠፉ፣ ያለ አንዳች ሙጫ እንዲጸና ያደርጉት ነበር። ልጄም በትንሿ ጥፍሯ ጠርዙን ስትጫን ሳይ እጅዎ ትዝ አለኝና ለጥቂት ጊዜ መናገር አቃተኝ። አንዱ ማዕዘን ጠማማ ሆኗል፤ ላስተካክለው አልፈለግሁም። በአየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ የተጠቀለለ ዕቃ ሊፈታ ስለሚችል በፕላስተር አላጣበቅነውም፤ በሲባጎ ብቻ አስረነዋል። ፈትሸው መልሰው ያሰሩት እንደሆነ ግን ቋጠሮው የእርሷ አይሆንምና፣ እንዲያውቁት እነግርዎታለሁ፤ የእርሷ ሦስት ጊዜ የተደራረበ ነው።

ስለዚህ አደራዎን፣ ወረቀቱ ሳይቀደድ ቀስ ብለው ይፍቱት፤ ሹራቡን ከመልበስዎ አስቀድመውም ይደውሉልን። የምትጠይቅዎ ስለ ቀዩ አበባ ነው፤ ሁሉም አልቀሉም፤ በጣም የቀላው አንዱ ከሲባጎው በስተግራ ይገኛል። የእርድ ቀለም ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ስለሚደበዝዝ፣ ወረቀቱን መስኮት አጠገብ አይስቀሉት፤ መጻሕፍትዎ ባሉበት ሣጥን ውስጥ ዘርግተው ያኑሩልን።

ጉልበትዎን እስማለሁ፤
ልጅዎ