ደብዳቤ ለልጄ፦ ሁለተኛው መስመር ላይ ስለጻፍከው ቃል

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የእናትህ ጉልበት ብቻ ብርዱ ሲበረታ ያስቸግራታል። የላክልኝን የግምገማ ረቂቅ ትናንት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አነበብኩት። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችሁ ዋና አሰልጣኝ በዚህ ዕድሜህ አምኖህ «የማጥቃት አስተባባሪያችን ጨዋታ የሚጠራበትን መንገድ መዝነህ ጻፍልኝ» ማለቱ አኩርቶኛል። ሁለተኛው መስመር ላይ «ሰውየው ፈሪ ነው» የሚለውን ሳይ ግን ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። እናትህ «ምን ሆንክ?» ብትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

ስለ ፉትቦሉ፣ አስተባባሪው በየሙከራው «አስሩጡ» ወይም «ወርውሩ» ብሎ ስለሚጠራበት ጨዋታ፣ የማውቀው አንተ ሶፋው ላይ ተቀምጠህ ያስተማርከኝንና ኮለምበስ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ከኋላ ወንበር የሰማሁትን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2024 የከተማው ዩኒቨርሲቲ ቡድን ኦሃዮ ስቴት በገዛ ሜዳው በሚሺጋን 13 ለ 10 በተሸነፈበት ቅዳሜ ከስታዲየሙ ያሳፈርኳቸው ሰዎች ሁሉ የሚሰድቡት የዚያን ጊዜውን የማጥቃት አስተባባሪ ቺፕ ኬሊን ነበር። አንዱማ ቀዩን ኮፍያውን አውልቆ እግሩ ሥር ጣለውና ሲወርድ ትቶት ሄደ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት ምሽት፣ ያው ቡድን ቴነሲን 42 ለ 17 ሲያሸንፍ ደግሞ ተሳፋሪዎቼ ሰውየውን ሊቅ አደረጉት። ሰውየው ያው ነው፤ የሚጠራበት ወረቀትም ያው ነው። ልጄ፣ ውጤቱን አይተህ በጥሪው ላይ አትፍረድ።

ይህን ስል ኬሊ በሚሺጋኑ ጨዋታ አላጠፋም ማለቴ እንዳይመስልህ። አጥፍቷል፤ ጥፋቱን ያስረዳኸኝም አንተ ነህ። ከፊት ሆነው መንገድ የሚከፍቱት ሴንተሩ ሴዝ ማክላፍሊንና የግራው ታክል ጆሽ ሲመንስ ተጎድተው ወጥተው፣ ከፊት ደግሞ እንደ ሜሰን ግራሃምና እንደ ኬኔት ግራንት ያሉ ግዙፎች መሐሉን ዘግተው ቆመው፣ እንደ ጄረማያ ስሚዝ ያለ ተቀባይ ዳር ላይ እያለ ኳሱን ደጋግሞ ወደ መሐል ማስሮጥ ልክ አልነበረም። ነገር ግን ልክ ያልነበረው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በሚታወቀው ነገር ነው። በዚያ ቀን ኦሃዮ ስቴት ሁለት ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ ሦስት ነጥብ የሚያስገኘውን) ስቷል። ሁለቱ ቢገቡለት ኖሮ ምናልባት ያንኑ ጥሪ «ትዕግሥት» እያሉ ያመሰግኑት ነበር፤ ጥሪው ግን ያኔም መጥፎ ጥሪ ነበር። በአንጻሩ ኦሃዮ ስቴት ከኖተርዳም ጋር ያደረገውን የዋንጫ ጨዋታ አስታውስ። 31 ለ 23 እየመሩ፣ ከአራቱ ሙከራዎች (ዳውኖች) በሦስተኛው ላይ 11 ያርድ ሲቀራቸው፣ ሰዓቱን ለመግደል ያስሮጣሉ ሲባል ለስሚዝ ወርውረው 56 ያርድ ሄደ፤ ኖተርዳምንም 34 ለ 23 አሸነፉ። ያ ኳስ ከእጁ ቢያመልጥ ኖሮ በማግስቱ በእብደት ይከሰሱ ነበር። ስሚዝን አንድ ተከላካይ ብቻ ይዞት ሳለ መወርወሩ ግን ኳሱ ቢወድቅም ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ወረቀትህ ልምጣ። በመጀመሪያው ዳውን ከሚያስፈልገው ያርድ 50 በመቶውን፣ በሁለተኛው 70 በመቶውን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሙሉውን ያስገኘውን ጥሪ «የተሳካ» ብለህ መቁጠርህን ወድጄዋለሁ፤ ቢያንስ ነጥቡ ሰሌዳ ላይ እንዳትንጠለጠል ያደርግሃል። ግን ቀድሞ በጽሑፍ የተዘጋጁትን የመጀመሪያዎቹን 15 ጥሪዎች ከቀሩት ጋር ደባልቀሃቸዋል። ለያቸው፤ ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ያሰበው ሌላ፣ ከተመታ በኋላ የሚያስበው ሌላ ነው። «በመጀመሪያ ዳውን ሁልጊዜ ያስሮጣል» ያልከውም ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ከፊት ስንት ተከላካይ ቆሞ ነበር? ስድስት ከነበሩ ማስሮጡ ሂሳብ ነው፤ ስምንት ተኮልኩለው ሳለ ካስሮጠ ያኔ ሳትፈራ ጻፍ። ደግሞስ ኳሱን የሚወረውረው ልጅ፣ ኳርተርባኩ፣ መስመሩ ላይ ቆሞ ጥሪውን ቀይሮት ቢሆንስ? የልጁን ስሕተት በሽማግሌው ላይ እንዳትጭን።

«ፈሪ» የሚለውን ቃል ግን ዛሬውኑ አጥፋው። ለምን እንደምቆጣ እናትህ ታውቃለች፤ ለአንተ ነግሬህ አላውቅም።

ትልቁ አጎትህ ጋሼ የፊያት የጭነት መኪና ሲነዳ እኔ ረዳቱ ነበርኩ። አንድ ቀን ከጎጃም ጤፍ ጭነን ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ደጀን ላይ መኪናውን አቆመ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የአባይን በረሃ ወርደን ለመሻገር ሰዓት ነበረን። መሪውን እንደያዘ ዝም ብሎ ቆየና «ዛሬ አንወርድም» አለ። ሌሊት ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ሸራችን አርጅቶ ስለነበር ከላይ ያለው ጤፍ ራሰ፤ ነጋዴው እንደሚቆርጥብን ታወቀ። እኔም በማለዳ፣ በነጋዴው ፊት፣ ታላቅ ወንድሜን «ፈሪ! አንተ ፈሪ ባትሆን ይሄኔ አራግፈን ነበር» አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። እርጥቡን ጆንያ ከደረቁ እየለየ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ በኋላ አብሬው አልሠራሁም፤ ዲቪ ደርሶኝ ወደዚህ ስመጣም አልተሰናበትኩትም። ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው መካኒኩ ነው የነገረኝ። ያን ቀን የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ይወርድ ነበር። ነጋዴው ይህን ቢሰማ ዳግመኛ ስለማይጭንልን ጋሼ ነገሩን በሆዱ ይዞት ቀረ። ዝናቡ ባይዘንብ ኖሮ እኔ ራሴ አስተዋይ እለው ነበር፤ ዝናቡን አይቼ ፈረድኩበት። ለምን እንደቆመ አልጠየቅኩትም እኮ! ከጎኑ ተቀምጬ!

ስለዚህ የምልህን አድርግ። ሰኞ ከማስረከብህ በፊት፣ ዓርብ ዕለት፣ ሰውየው ቢሮ ሂድ። ቆመህ አታናግረው፤ ፈቅዶልህ ተቀመጥ። «በሦስተኛው ሩብ ደጋግመህ ያስሮጥከው ምን አይተህ ነው?» ብለህ ጠይቀው፤ የሚመልስልህንም ሳታሳጥር ጻፈው። የሚታመም ተጫዋች ደብቆ ይዞ እንደሆነ አንተ በምን ታውቃለህ? መልሱን ሰምተህ አሁንም ጥሪው መጥፎ ነው ካልክ፣ መጥፎ ነው ብለህ በድፍረት ጻፍ፤ እኔም አብሬህ እቆማለሁ። ውጤቱን አይተህ ግን በጥሪው ላይ አትፍረድ፤ ሦስቴ ብናገረው አትሰልች።

እናትህ በርበሬና ሽሮ በፖስታ ልካልሃለች፤ ማክሰኞ ካልደረሰህ ደውልላት። ሌሊት ሦስት ሰዓት ብቻ እንደምትተኛም ሰምቻለሁ፤ ይህን ከመጣህ በኋላ እንነጋገርበታለን። መኪናህ ስታቆም ታፏጫለች ብለሃታል አሉ። ነገ ጠዋት መካኒክ ዘንድ ውሰዳት፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ ፍሬኑ ሳይታይ ወደዚህ እንዳትነዳ።

አባትህ