ስንደውል የማይመጣ ፖሊስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከደሴ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለችው ትንሽ ከተማችን ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ሱቆች እየተዘጉ ነው። ሌሊት ቆርቆሮ ተቀዶ ስንዘረፍ ጣቢያ ብንደውል «መኪናው ነዳጅ የለውም» እንባላለን። ያው መኪና በገበያ ቀን ባጃጅ ሲያሳድድ ይውላል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የልጆቻችን ነገር ነው፤ አመሻሽ ላይ ከመንገድ ተለቅመው ይታሰራሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የኛዎቹ ግን ዳኛ ሳያዩ፣ ለምን እንደተያዙም ሳይነገራቸው ሰንብተው ይለቀቃሉ፤ አንዳንዶቹም እናቶቻቸው ከጎረቤት ተበድረው ከከፈሉ በኋላ። ወጣቱ ወደ ዓረብ አገር የሚሰደደው ሥራ አጥቶ ብቻ አይደለም። የዞኑ ኃላፊዎች መጥተው ከሕዝቡ ጋር ይቀመጡ፤ መጀመሪያ እነዚያን እናቶች ይስሙ።

አንድ ነዋሪ፣ ከወሎ