የትኛው ሰ/ሸዋ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ክረምት ልጄ ሥራ አግኝታ ማስረጃዋ ከአዲስ አበባ በፖስታ እንዲላክላት ጠይቃ ነበር። የላከው መሥሪያ ቤት ስሙ ይቆየኝ። ፖስታው ላይ የጻፉት «ለሰ/ሸዋ ዞን» ብቻ ነው። እኛ ደብረ ብርሃን ላይ በር በር ስናይ ማስረጃው ለካ ፊቼ ገብቶ ተቀምጧል። ሦስት ሳምንት ሙሉ! አንድ የፊቼ ሰው ከወረቀቱ ላይ ስልኳን አይቶ ባይደውልልን እስካሁንም እዚያው ነበር። እግዜር ይስጠው።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ፖስታውን ባደረሰው ሰው ምን ይፈረዳል? ሰሜን ሸዋ ሁለት ነው። አንዱ በደሴ መንገድ፣ አማራ ክልል፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። ሌላው በጎጃም መንገድ፣ ኦሮሚያ ክልል፣ ዋና ከተማው ፊቼ። የሁለቱም ስም «ሰሜን ሸዋ ዞን» ነው። አባቶቻችን ያንን ሰላሌ፣ ይሄንን መንዝ፣ ተጉለት፣ ቡልጋ እያሉ ይለዩት ነበር።

የከተማ ስም ይጨመር ቢባልም «ደ/» ብሎ የሚጀምር ሞልቷል። ደብረ ብርሃንና ደብረ ሲና እኛ ጋ፣ ደብረ ሊባኖስና ደብረ ፅጌ እነሱ ጋ። መንገዱም አያግዝም። ከአዲስ አበባ መርሐ ቤቴ፣ ዓለም ከተማ የሚሄድ ሰው በጎጃም መንገድ ወጥቶ ሙከ ጡሪ ላይ ይታጠፋል። የኛን ሰሜን ሸዋ ለማግኘት በእነሱ ሰሜን ሸዋ ያልፋል ማለት ነው።

ነገሩ የኛ ብቻም አይደለም። «ም/ሸዋ» ምሥራቅ ነው ምዕራብ? አዳማ ነው አምቦ? «ም/ጎጃም»ስ? ደብረ ማርቆስ ወይስ ፍኖተ ሰላም? ፀሐይ መውጫና መግቢያው በአንድ «ም» ተጠቅልሎ ይላካል። «ደ/ጎንደር» ደግሞ ደቡብ ነው፤ ዋና ከተማው «ደ/ታቦር» ላይ ያው ፊደል ደብረ ሆኖ ቁጭ ይላል። የመጀመሪያዋን ፊደል ቆርጦ እዝባር መስመር ማድረግ ለ«ወ/ሮ» እና ለ«ት/ቤት» ይሠራ ይሆናል። ለአገር ስም ግን አልሠራም።

ሌላውም አገር ይሄ ገጥሞታል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1963 የፖስታ ኮድ ሲያወጡ በአድራሻው መስመር ላይ ቦታ እንዳይጠባቸው ለየግዛቱ ሁለት ሁለት ፊደል ሰጡ። ኔብራስካ የደረሳት «ኤን ቢ» ነበር። ጎረቤት ካናዳ ደግሞ ኒው ብራንስዊክ የምትባል፣ በዚያው ምህፃር የምትጻፍ ግዛት አለቻት። ደብዳቤ እንዳይምታታ ካናዳ ጠየቀች፤ በ1969 ኔብራስካ «ኤን ኢ» ሆነች። አንድ ፊደል ናት የተለወጠችው። ሁለት አገር ከተስማማ ሁለት ዞን እንዴት ያቅተዋል?

እኛ ከባዶ አንነሳም። ለክልሎች የሚሆነው ምህፃር ለዓመታት ታርጋ ላይ የለመድነው ነው፤ «አማ»፣ «ኦሮ»፣ «አአ»። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም ለክልሎቻችን ሁለት ሁለት የላቲን ፊደል ሰጥቷል፤ ዞን ድረስ ግን አይወርድም። እንግዲህ ክልሉን አስቀድሞ «አማ-ሰሸ» እና «ኦሮ-ሰሸ» ብሎ መጻፍ ነው። ለምሥራቅ «ምሥ»፣ ለምዕራብ «ምዕ»። «ደብ» ግን እንዳትሉ፤ ደብረም ደቡብም ያው ነው! ለደቡብ «ደቡ» ይባል፣ ደብረን ደግሞ ማሳጠሩ ይቅር። የሚመለከተው አካል ዝርዝሩን በአንድ ገጽ አውጥቶ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጥፈው ይበቃል። ኮሚቴም ዎርክሾፕም አያስፈልገውም።

እስከዚያው እኔ አላሳጥርም።

አንድ አባት
ከደብረ ብርሃን ከተማ፣ ሰሜን ሸዋ ዞን፣ አማራ ክልል