አባባ፣ የቅዳሜውን እራት እምቢ አይበሉኝ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን በስልክ ያልነገርኩዎ ገና ሳልጨርስ «ገንዘብህን ያዝ» ብለው ወሬውን እንደሚቀይሩት ስለማውቅ ነው። በጽሑፍ ከሆነ እስከ መጨረሻው ያነቡልኛል።

ቅዳሜ ማታ እራት ልጋብዝዎ አስቤያለሁ፤ ሁለታችን ብቻ። ቦታው በበሩ ባለፍን ቁጥር «እዚህ ደግሞ ማን ይበላል?» የሚሉት ምግብ ቤት ነው። እኛ እንበላበታለን። ጠረጴዛ አስይዣለሁ።

ውድ መሆኑን አልደብቅዎም። ለዚህ ምሽት ብዬ ስቆጥብ ቆይቻለሁ፤ ከልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም ሆነ ከቤት ወጪ የተነካ ነገር የለም፤ ዕዳም አልገባሁም። አስቀድሜ የምጽፈው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ «ያው ሥጋ፣ ያው አትክልት አይደለም ወይ?» ይሉኛል። እርስዎ የሰውን ሥራ የሚያከብሩ ነዎት፤ ስለዚህ ስለ ሥራው ልንገርዎ። ሥጋው ላይ የሚፈስሰው ያ አንድ ሁለት ማንኪያ መረቅ፣ አጥንትና አትክልት ለብዙ ሰዓት በዝግታ ሲንተከተክ ውሎ፣ ተጠልሎ፣ እንደገና እሳት ላይ ተጥዶ እስኪወፍር የተጠበቀ ነው። ሥጋው መጥበሻ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውጪው በደንብ ይደርቃል፤ እርጥብ ከሆነ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ያ ቡናማ ቅርፊትና ያ ሽታ በደንብ የሚመጣው ሙቀቱ 140 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስና ሲያልፍ ነው። ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ስኳርና አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ንጥረ ነገር) በሙቀት ሲገናኙ የሚሆነውን በ1912 እ.ኤ.አ. ጽፎ ስላሳወቀ ሂደቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የወጥ ቤቱ አደረጃጀት ነው። ከ1846 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የኖረው ፈረንሳዊው ሼፍ ኦጉስት ኤስኮፊዬ የትልልቅ ሆቴሎችን ወጥ ቤት በክፍል በክፍል አዋቀረው፤ አንዱ ጥብሱን፣ ሌላው ዓሣውን፣ ሌላው መረቁን፣ ሌላው ጣፋጩን ይይዛል። ዋናው ሼፍ ትእዛዙን ጮክ ብሎ ያነባል፤ የእርስዎና የእኔ ምግብ በተለያየ እጅ ተሠርቶ በአንድ ጊዜ ይወጣል። እርስዎ ስንት ዓመት የሠራተኞች አለቃ ሆነው ስለሠሩ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከፍለን የምንበላው የእነዚህን ሁሉ እጅ ሥራ ነው።

ምግቡ ተራ በተራ ነው የሚመጣው፤ የመጀመሪያው ሳህን ትንሽ ቢሆንብዎ ቅር አይበልዎ። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ሁሉን በአንዴ ጠረጴዛ ላይ መደርደር ቀርቶ ይህ አቀራረብ የተስፋፋበት አንዱ ጥቅም፣ ትኩስ የሆነው በትኩስነቱ መቅረቡ ነው። አይቸኩሉ። እኔም አልቸኩልም።

ለእርስዎ የሚመቸውን ከአስተናጋጁ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ገና ሰው ሳይበዛ በጊዜ እንገባለን፤ ጫጫታ ውስጥ ንግግር መለየት እንደሚያደክምዎ አስተውያለሁና ከድምፅ ማጉያውም ከወጥ ቤቱ በርም የራቀ የጥግ ጠረጴዛ ለምኛለሁ። መብራቱም ደመቅ ያለበት ነው። በ60 ዓመት ዕድሜ ወደ ዓይን ውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ከሚደርሰው አንድ ሦስተኛው ገደማ ብቻ ነው ይባላል፤ ሜኑውን ወደ መብራት እያዘነበሉ ማንበብዎ ጥፋትዎ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ስለሚመክር፣ በእርስዎ ሳህን ላይ ጨው እንዲቀነስና በሎሚና በቅጠላ ቅጠል እንዲጣፍጥ ነግሬያለሁ። መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ የማይስማማዎትን ምግብ ስም ዝርዝር ሰጥቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ለተጋባዥ ዋጋ ያልተጻፈበት ሜኑ የሚሰጡ ቤቶች አሉ፤ እዚህም ጠይቄ እሺ ብለውኛል። የሚያምርዎትን ይዘዙ እንጂ የሚረክሰውን አይፈልጉ።

አባባ፣ ልጆች ሆነን ውጭ ሊያበሉን ሲወስዱን እርስዎ የሚያዙት ሻይ ብቻ ነበር። «ዛሬ ሆዴ አልተመቸኝም» ይሉን ነበር፤ እኛም አምነን እንበላ ነበር። ያ የሆድ ሕመም ምን እንደነበር የገባኝ የራሴን ልጆች ይዤ ሜኑ ስገልጥ ነው። ይህን የማነሣው ብድር ልመልስ ብዬ አይደለም፤ የሚመለስም አይደለም። ልጅዎ ፊትዎ ተቀምጦ፣ ሙሉ ሳህን ቀርቦልዎ፣ ጣፍጦዎ ሲበሉ ማየት እፈልጋለሁ።

ሰው ካለፈ በኋላ ለሚወጣ ወጪ ማንም አይከራከርም። ሁሉም ያዋጣል፣ ይበደራል፣ «ይገባዋል» ይላል። እኔ ያንን ገንዘብ ዛሬ፣ ምላስዎ ጣዕም እየለየ፣ ድምፅዎን እየሰማሁ ማውጣት እመርጣለሁ። ጣዕም የምንለው አብዛኛው በአፍንጫችን ከምናሸትተው የሚመጣ ነው፤ የማሽተት ኃይልም ከዕድሜ ጋር እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ «ሌላ ጊዜ» አይበሉኝ። እኔም ልጆቹ እስኪያድጉ፣ ሥራው እስኪቀልልኝ ብዬ ላዘገየው አልፈልግም።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ሰማያዊውን ኮትዎን ይልበሱ፤ መነጽርዎንም አይርሱ። ደረጃ የለውም፣ መኪናው በሩ ድረስ ይገባል። የተረፈንን ያሽጉልናል፤ ስለዚህ ሁሉንም ልጨርስ ብለው አይጨነቁ። ስለ ወጣትነትዎ የመጀመሪያ ሥራ ጀምረው ያልጨረሱልኝን ታሪክም እዚያው ይቀጥሉልኛል፤ ጊዜው ሰፊ ነው።

የሚወድዎ ልጅዎ