የኮሮና ዘመን ተማሪዎችን አንርሳ

ውድ የወመተህ (የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ህብረት) አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ከመገናኘታችን በፊት አንድ ጉዳይ ላንሳ። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 26 ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይቀጥላል ተባለ። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም ወርክሺት ይልኩ ነበር። ስማርት ስልክ የሌለበት ቤት ያለው ልጅ ግን ደብተሩን ሳይገልጥ ከረመ።

የዚያን ጊዜዎቹን የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች አስቡ። ብሔራዊ ፈተናው በአዲሱ የትምህርት ፍኖተ ካርታ ምክንያት ቀርቶላቸዋል። በወረርሽኙ ምክንያት ደግሞ ያለ ፈተና ወደ 11ኛ ተዛወሩ። ማን ምን እንደቀረው ያወቀ የለም። እነዚሁ ልጆች በ2015 መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተቀምጠው የ12ኛ ክፍልን ፈተና ሲወስዱ፣ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉንም በኮሮና ማላከክ አይቻልም። ጦርነቱም፣ የቆየው የጥራት ችግርም አለ። ልጆቹን ሰነፎች ማለት ግን ግፍ ነው። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው።

ያኔ አንደኛ ክፍል የነበሩትስ? ፊደል በሚቆጥሩበት ሰዓት ነው የተቋረጠባቸው። ዛሬም አንድ አንቀጽ ሲያነቡ ቃል በቃል የሚንገዳገዱ አሉ። እነዚህን ልጆች በስማቸው ለይተን የማጠናከሪያ ትምህርት እንክፈትላቸው። መምህራን በፈረቃ ለማስተማር ፈቃደኞች ናቸው፤ የጎደለው ክፍልና የትራንስፖርት አበል ነው። ቅዳሜ መጀመሪያ የምንነጋገረው በዚህ ላይ ይሁን። የምትችሉ ልጆቻችሁን ዛሬ ማታ ጮክ ብለው እንዲያነቡላችሁ አድርጉና ያያችሁትን ይዛችሁ ኑ።