ደሴ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማዬና አባዬስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባንዳችሁ የጀመረውን ፕሮግረሲቭ ሮክ፣ ያን ጎዶሎ ምትና ረጅም ዜማ የሚወደውን ሮክ፣ የቀዳችሁበትን ቅጂ ደጋግሜ ሰማሁት፤ ጥያቄዎችህንም አነበብኳቸው። የኑሮውን ወሬ በስልክ እናወራዋለን። ይህ ደብዳቤ የሙዚቃ ብቻ ነውና ልምምድ ስትሄድ ይዘኸው ሂድ፤ ድራመሩም ቤዝ የሚጫወተውም ልጅ ያንብቡት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩልህ።

መጀመሪያ ሰባቱ፣ ማለትም ሰባት ሰባት እየተቆጠረ የሚሄደው ምት። የምትፈርሱት ፍጥነቱ ስላቃታችሁ አይደለም። ቀረጻው ላይ ቤዙ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሄዳል፤ ድራሙ ደግሞ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት። ሁለቱም ሰባት ናቸው፤ አብረው ግን አይሄዱም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ሦስቱ የት እንደሚቀመጥ ተስማሙ። ሌላው ችግር አቆጣጠራችሁ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እስከ ሰባት መቁጠር ዝግ ባለ ዜማ ያስኬዳል፤ ሲፈጥን ግን የቁጥሮቹ ስም ርዝመት እኩል ስላልሆነ ምላስ ይደናቀፋል። ከቡልጋሪያና ከቱርክ የባህል ተጫዋቾች ጀምሮ ጎዶሎ ምት የለመዱ ሰዎች ምቱን በሁለትና በሦስት ቆራርጠው ነው የሚይዙት። ለእናንተ የሚሆነው ቃል እዚያው ደጃችሁ አለ። "ደሴ" ሁለት ነው፤ "ኮምቦልቻ" ሦስት ነው። ደ-ሴ፣ ደ-ሴ፣ ኮም-ቦል-ቻ። ይኸው ሰባት። አምስት ስትፈልጉ "ደሴ ኮምቦልቻ" በሉ። ለዘጠኝ ሦስት ጊዜ ደሴ፣ አንዴ ኮምቦልቻ። ለአሥራ አንድ አራት ጊዜ ደሴ፣ አንዴ ኮምቦልቻ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ስልክ ላይ ያለውን ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) በደቂቃ 120 ምት ላይ አድርጉና በእያንዳንዱ ምት አንድ ቀለም፣ ማለትም አንድ የቃል ቁራጭ፣ በሉ። ጭብጨባው በየቃሉ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው፤ በአንድ ባር (በአንድ ሙሉ ሰባት) ሦስት ጊዜ ይሆናል፤ ከሦስተኛው በኋላ ያለው ክፍተት ትንሽ ይረዝማል። ሦስት ደቂቃ ሳትፈርሱ ከሄዳችሁ 10 ጨምሩ። 200 ስትደርሱ መሣሪያ አንሡ፤ መሣሪያ ሲነሣ ግን እንደገና ወደ 120 ውረዱ። ይህን ደረጃ ዘላችሁ በቀጥታ በመሣሪያ ከጀመራችሁ እያንዳንዱ ሰው ጣቱን እየተከተለ ይሄዳል፤ ምቱን የሚጠብቅ ይጠፋል።

ድራመሩ ስምንተኛ ምት የሚጨምረው እግሩ ስለለመደ ነው፤ አትቆጡት። ለጊዜው ስኔሩን (ሹል ድምፅ ያለውን ትንሹን ከበሮ) ይተወው። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) የመጀመሪያዋ "ደ" ላይ ብቻ፣ ሃይሃቱ (ጥንዱ ጸናጽል) ሁሉም ቀለም ላይ። ይህ ሲጸና ስኔሩን "ኮም" ላይ ያስገባ። ከዚያ ወዲያ አንድ የሚያምር ብልሃት አለ። ስኔሩ ባሩን ችላ ብሎ በየሁለት ምቱ ይምታ። በመጀመሪያው ባር ሁለተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛ ምት ላይ ይወድቃል፤ በሁለተኛው ባር ደግሞ አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛና ሰባተኛ ላይ። በ14 ምት ተመልሶ ይገጥማል። አድማጩ ሳያስበው እንደ ተራ ዘፈን ራሱን ይነቀንቃል፤ ዜማው ግን ከሥር በሰባት ይሄዳል። ከባዱ ነገር እንዳልከበደ ማስመሰል ነው የዚህ ሙዚቃ ዋና ጥበቡ፤ ይከብዳል ይከብዳል የሚል ፕሮግረሲቭ ሮክ ያደክማል።

ደግሞ ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። የችክችካ ስድስቱን ሳታስቡት አንዴ ሦስትና ሦስት፣ አንዴ ሁለት ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ትመቱታላችሁ። እዚህ እንግሊዝ አገር ለጀማሪ ይህን ለማስረዳት ጊዜ ይፈጃል። ለእናንተ የቀረው አንድ ቀለም መጨመር ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ የሚሆናችሁ የእንግሊዙ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ "መኒ" ነው፤ በ1973 የወጣ። ሰባቱ ዝግ ያለ ስለሆነ ቤዙን በጆሮ መያዝ ይቻላል። ልብ በሉ፤ የጊታሩ ሶሎ (ጊታሩ ጎልቶ የሚጫወትበት ቦታ) ላይ ምቱ ወደ አራት ይለወጣል፤ ከሶሎው በኋላ ወደ ሰባት ይመለሳል። የምትወድቁት ያቺ መመለሻ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘፈኑን ሙሉ ከመጫወት ይልቅ ከመመለሷ በፊት ያሉትን አራት ባሮችና ከኋላዋ ያሉትን አራት ባሮች ብቻ ነጥላችሁ ደጋግሙ። መግቢያው ላይ የሚሰማው የሳንቲምና የሒሳብ ማሽን ኮሽታ የተሠራው ቴፕ በመቁረጥ ነው። ድምፆቹ ቴፕ ላይ ተቀዱ፤ ቴፑ በማስመሪያ እየተለካ እኩል እኩል ተቆረጠ፤ ሰባቱ ቁራጭ ተቀጣጥሎ እንደ ቀለበት እንዲዞር ተደረገ።

ሁለት ምት ባንድ ላይ ስለማስኬድ ለጠየቅኸው፣ ኪንግ ክሪምሰን የተባሉት የእንግሊዝ ባንድ በ1981 ያወጡትን "ዲሲፕሊን" የተባለውን አልበም ስማ። "ፍሬም ባይ ፍሬም" በሚለው ላይ ሮበርት ፍሪፕና ኤድሪያን በሊው በጊታር አንድ ዓይነት ሐረግ ይጀምራሉ፤ ከዚያ አንዱ አንድ ኖታ ይጥላል። አንዱ 14 ሲጨርስ ሌላው 13 ላይ ስለሚያበቃ እየተንሸራተቱ ይራራቃሉ። እናንተ በዚህ አትጀምሩ። ኪቦርዱ ሦስት ኖታ ይደጋግም፣ ጊታሩ አራት፤ በ12 ይገናኛሉ። ይህ ሲሆን ሰባትና ስምንት አድርጉት፤ በ56 ይገናኛሉ። የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሁለታችሁም የየራሳችሁን "አንድ" አጉልታችሁ ስትመቱ ጠብ ይመስላል፤ ስለዚህ ኖታዎቹ ሁሉ እኩል ድምፅ ይኑራቸው። ሁለተኛው፣ አንዱ የሌላውን ሐረግ መስማት ሲጀምር ሳያውቀው ወደዚያ ይሳባል። የምትጠብቁት ሃይሃቱን እንጂ እርስ በርሳችሁን አይደለም። ድራመሩም ማንን እንደሚከተል አስቀድሞ ይምረጥ፤ ሁለቱን ለማስታረቅ ከሞከረ ሁላችሁም ትወድቃላችሁ።

አሁን ረጅሙ ዜማ። ሰዎቹ ለምን 20 ደቂቃ አካባቢ ላይ ይቆማሉ ላልከው መልሱ ሸክላው ነው። አንድ ገጽ በጥሩ ድምፅ የሚይዘው ያንን ያህል ነው። ከዚያ ሲያልፍ መስመሮቹ ይጣበባሉ፤ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ መቀረጽ አለበት፤ መርፌው ወደ መሃል ሲጠጋ ደግሞ ጎላ ያለው ድምፅ ይሻክራል። "የስ" የሚባለው ባንድ የሠራው "ክሎዝ ቱ ዚ ኤጅ"፣ ከ18 ደቂቃ በላይ፣ እና የሌላው ባንድ የጀነሲስ "ሳፐርስ ሬዲ"፣ ወደ 23 ደቂቃ፣ ሁለቱም በ1972 የወጡ፣ በዚያ ልክ የተሰፉ ናቸው። የየሱን ባንዴ ተጫውተው የቀዱት እንዳይመስልህ፤ ቁራጭ በቁራጭ ተቀድቶ ቴፑ ነው የተቀጣጠለው። "ሳፐርስ ሬዲ" ሰባት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ አካባቢ በለሆሳስ የሰማኸው ዜማ መጨረሻ ላይ ገዝፎ ይመለሳል። ምሥጢሩ ይኼው ነው። አድማጭ 20 ደቂቃ የሚታገሠው የሚያውቀው ነገር እንደሚመለስ ሲጠረጥር ነው።

እናንተ ከ11 ደቂቃ አትለፉ። አራት፣ ሦስት፣ አራት ደቂቃ አድርጋችሁ ሦስት ክፍል ሥሩ። ከስድስት እስከ ስምንት ኖታ ያላት አንዲት ሐረግ ምረጡና በሦስቱም ውስጥ ትግባ፤ መጀመሪያ በሰባት፣ መሃል ላይ በቤዝ ብቻ በግማሽ ፍጥነት፣ መጨረሻ ላይ በስድስት። ሶሎ በአንድ ክፍል ከአንድ በላይ አይሁን። የላካችሁት ላይ ሦስት ሰው ተራ በተራ ሶሎ ይወስዳል፤ ያ የሠርግ ባንድ ልማድ ነው፣ እዚህ አይሆንም። የስ ራሳቸው በ1973 መጨረሻ አራት ገጽ በአራት ዜማ ብቻ ሞልተው ሁለት ሸክላ አወጡ፤ በእኔ ጆሮ ግማሹ መንዛዛት ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪክ ዌክማንም በማግስቱ ዓመት ቡድኑን ለቆ ወጣ።

ያ የሚያቃስት፣ ቫዮሊን የሚመስል ድምፅ ደግሞ የሚወጣው ሜሎትሮን ከሚባል ቴፕ ከሚያጫውት ኪቦርድ ነው፤ የተሠራው እኔ ካለሁበት ከዚሁ ከበርሚንግሃም ነው፤ ከ1963 ጀምሮ። የ1970ው ኤም 400 የተባለው 35 ቁልፍ አለው፤ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የራሱ የሆነ ቁራጭ ቴፕ ተዘርግቷል። ቁልፉን ስትጫን ጎማ ያለው ሮለር ቴፑን ከሚሽከረከር ዘንግ ጋር ያጣብቀዋል፤ ትንሽ ትራስ ደግሞ ከማንበቢያው ጋር ያገናኘዋል። እውነተኛ ቫዮሊን የተቀዳበት ቴፕ ነው የሚያልፈው። ግን የሚያልፈው ለ8 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ጸጥ ይላል። ጣትህን ስታነሣ ስፕሪንግ ቴፑን መልሶ ይጎትተዋል። ቶሎ ደግመህ ከተጫንክ ቴፑ ገና አልተመለሰምና ድምፁ ከመሃል ይጀምራል። ብዙ ቁልፍ ባንዴ ሲጫን ሞተሩ ይከብደውና ድምፁ ወደ ታች ይሰምጣል። ኪንግ ክሪምሰን በ1969 የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ያ ሁሉ ኀዘን የወጣው ከዚሁ ችግረኛ ማሽን ቀደም ካለው ዓይነት ነው።

በአንተ ኪቦርድ ለመምሰል "ስትሪንግስ" የሚለውን ድምፅ ምረጥ። የሰስቴይን ፔዳሉን ከእግርህ ሥር አውጣው፤ ሜሎትሮን ጣት ሲነሣ ይቆረጣል እንጂ አይጎተትም። ሪቨርቡን ዝጋ፤ ከፍተኛውን የትሬብል ድምፅ ቀንስ። ማንኛውንም ኖታ ከ8 ሰከንድ በላይ አትያዝ። ኮርዱን ባንዴ አትልቀቀው፤ አንዱን ጣት ስታነሣ ሌሎቹ ይቆዩ፣ ከዚያ እነሱ በተራቸው ይቀየሩ። ከሦስት ኖታ በላይም አትጫን። ያ እንደ ሰው ትንፋሽ የሚመስለው ነገር የሚመጣው ከዚህ መቀባበል ነው።

አንቺሆዬን በዚህ ስልት መጫወት ይቻላል ወይ ላልከው፣ እንዴታ! እንዲያውም ከአራቱ ቅኝቶች የሚመቸው እሱ ነው። ዶ ላይ ስታቆመው ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይሆናል። ከዶ እስከ ሶል ፍላት ያለው ሻካራ ርቀት ኪንግ ክሪምሰን በ1974 "ሬድ" በተባለው ዜማቸው ላይ የተደገፉበት ያው ርቀት ነው። ስህተታችሁ ጊታሩ ዶ እና ሶልን አንድ ላይ መምታቱ ነው፤ ሶል ቅኝቱ ውስጥ የለም፣ ዜማውን የሚያፈርስባችሁ እሱ ነው። በአንቺሆዬ ውስጥ እንዲህ ያለው የሮክ ኮርድ ሁለት ቦታ ብቻ ይገኛል፤ ፋ ከዶ፣ እና ሶል ፍላት ከሬ ፍላት። ሁለቱ በጊታር አንገት ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ እጁን አንድ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለ አንድ ክፍል) ብቻ ያንሸራትት። የቀረችው ላ ለኪቦርዱ ናት። ላን ይዘህ ጊታሩ ፋ ላይ ሲሆን ሜጀር ይወጣል፤ ወደ ሶል ፍላት ሲንሸራተት ያቺው ላ ሳትንቀሳቀስ ማይነር ታደርገዋለች። አንድ ኖታ ይዘህ ብርሃኑንም ጨለማውንም ታገኛለህ። በአንድ ባር ፋ፣ በሚቀጥለው ሶል ፍላት አድርጋችሁ በ"ደሴ ደሴ ኮምቦልቻ" ሞክሩት።

ትዝታንና ባቲን ግን በዚህ ዓይነት ከባድ ጊታር አታስጨንቋቸው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ውስጥ በአኮርዲዮን፣ በሮድስ (የኤሌክትሪክ ፒያኖ) እና በሲንተሳይዘር የቀዳውን አልበም ስማ፤ በ2013 እንደገና ታትሟል። ስንት ቦታ ዝም እንደሚል ቁጠር። ዋሽንት የሚነፋው ጓደኛችሁ ሲመጣ ኪቦርዱን ወደ እሱ ድምፅ ትራንስፖዝ አድርገው (ከፍ ወይም ዝቅ አድርገህ አስተካክለው)፤ ዋሽንት አይቃኝም። ክራሩ ግን ወደ ኪቦርዱ ይቃኝ።

በሚመጣ ሰው እጅ ሦስት ሙሉ የጊታር ክር 10-46፣ አራት ጥንድ 5ኤ የድራም ዱላ፣ ሁለት ባለ 3 ሜትር ኬብልና የጆሮ መድፈኛ ልኬላችኋለሁ። አዲስ ክር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቅኝት ይወጣል፤ ስትገጥሙት በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ እየሳባችሁ አላሉት፣ ቃኙት፣ ደግማችሁ ሳቡት። መድፈኛው በተለይ ለድራመሩ ነው፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ሳያደርግ እንዳይቀመጥ።

ለእማዬ የጉልበቷን መድኃኒት እዚያው ዕቃ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ አባዬንም ሳሚልኝ ብላለች በላት። የሚቀጥለውን ቅጂ በቴሌግራም ስትልክ በፋይል መልክ ላከው፤ በድምፅ መልእክት የመጣው ተጨምቆ ቤዙ አልሰማ ብሎኛል። ስልኩን ከድራሙ ፊት ሳይሆን ከክፍሉ ሌላ ጥግ፣ በደረት ከፍታ፣ ልብስ ላይ አስቀምጡት። ሰባቱን ብቻ ሦስት ደቂቃ፣ ያለ ሶሎ።

እህትህ
ከበርሚንግሃም