ስሜን ሸፍኑልኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ መንግሥት ሥራ ቅጥር የምታወጡትን እየተከታተልኩ ነው። "ፈተናው ይክበድ" የሚሉ አሉ፣ "ፈተና ምን ያደርጋል፣ ቃለ መጠይቅ ይበቃል" የሚሉም አልጠፉም። እኔ ሁለቱንም ቀምሻለሁ። አምና እዚሁ ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት ተወዳድሬ የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ወጣሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ሰዎች ጠበቁኝ። አንዱ ማኪያቶውን እያማሰለ "የማን ልጅ ነህ? ትውልድህስ ወዴት ነው?" አለኝ። ወላሂ፣ ስለ ሥራው ትንፍሽ ያለ የለም። በሳምንቱ ሰሌዳው ላይ ውጤት ሲለጠፍ አራተኛ ሆኛለሁ። የሚፈለገው አንድ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ የቻይናን ታሪክ ማንበብ ያዝኩ። ሥራ የለኝማ! በሚንግና በቺንግ ነገሥታት ዘመን ትልቁ የሹመት በር በየሦስት ዓመቱ የሚሰጥ ፈተና ነበር። ተፈታኙ በጥቁር ቀለም ይጽፋል። ስሙ ይሸፈናል። የእጅ ጽሑፉም እንዳይታወቅ ጸሐፊዎች ቁጭ ብለው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በቀይ ቀለም ይገለብጡታል፤ አራሚው እጅ የሚገባው ቀዩ ብቻ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስን ብራናዎች ያየ ሰው ጥቁርና ቀይ ብርቅ አይሆንበትም። ግን እኛ ዘንድ በቀይ የሚደምቀው የቅዱሳን ስም ነው፣ እነሱ ዘንድ ቀዩ ስም መደበቂያ ሆነ። ይህን ሳነብ ማኪያቶው ትዝ አለኝ።

እንከን አልነበረውም አልልም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1397 ያለፉት በሙሉ የደቡብ ሰዎች ሆነው ተገኙ፣ ሰሜኖቹ ጮኹ፣ ንጉሠ ነገሥቱም እንደገና ይታይ ቢል መርማሪዎቹ ያው ነው አሉ፣ እሱ ግን ተቆጥቶ ከነሱም ከፈታኞቹም ያስገደለው አለ፣ ከዚያ ሌላ ዝርዝር ወጣ፣ በሙሉ ሰሜኖች! በኋላ ነገሩ በኮታ ረገበ፤ ከመቶ 55 ለደቡብ፣ 35 ለሰሜን፣ 10 ለመካከለኛው። ኮታ ሲባል ደማቸው የሚፈላ ወዳጆቼ ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ኮታው ሲመጣ የስም መሸፈኛው አልተነሳም።

የበሰበሰው ሌላው ነገር ነው። መልሱ "ባለ ስምንት እግር" በሚባል ድርሰት ይጻፍ ተባለ፤ እያንዳንዱ ክፍል ልኩ የተቆረጠ፣ ከጥንቱ ፈላስፋ ከኮንፊሽየስና ከተከታዮቹ መጻሕፍት የማይወጣ። ልጆች ያለፉ ሰዎችን ድርሰት መሸምደድ ያዙ (ያምናው ፈተና ፎቶ ኮፒ እኛም ሰፈር ይሸጣል)። ቺንጎች ደግሞ ጦርነት ካዝናቸውን ሲያራቁተው ማዕረግ በብር መሸጡን አጧጧፉት። ደጋግሞ የወደቀው ሆንግ ሺዩቹዋን በ1850ዎቹ ሚሊዮኖች ያለቁበትን አመፅ መራ። ድርሰቱን ለመተው እስከ 1901 ፈጀባቸው፣ በ1905 ፈተናው ራሱ ቀረ።

እና ክቡር አዘጋጅ፣ እኔ ስምንቱን እግር አልፈልግም። ሥራው ስለሚጠይቀው ነገር ይጠይቁኝ። ወረቀቱን ግን ስሜን የማያውቅ ሰው ያርምልኝ፣ ቃለ መጠይቁም ግድ ከሆነ ነጥቡ ይነስ፣ ጥያቄውም ለሁላችን አንድ ዓይነት ይሁን።

ትናንት ያው መሥሪያ ቤት ሌላ ማስታወቂያ ለጥፏል። ሄጄ ተመዘገብኩ። ልጅቷ ፎርሙን ስታቀብለኝ "ስም ከነአያት፣ የትውልድ ቀበሌም አትርሳ" አለችኝ።

አንባቢያችሁ፣
ከደሴ